ማራቶን ለጅማ ለምን ያጥራል?

የዚህ ጥናት ዓላማ በጅማ የክረምት የጎዳና ሩጫ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና የቀድሞ ምሩቃን እኩል ተነሥተው ለምን እኩል እንደማይደርሱ መመርመር ነው። ቀደም ያሉ ታዛቢዎች ጉዳዩን «ቦርጭ ነው» ብለው ዘግተውታል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን አልተሟላም።

በቅድሚያ ቃላቱን እንፍታ። «ክረምት» ሌላው ዓለም ፀሐይ ሲሞቅ ጅማ ላይ የሚወርደው ነው። «ተማሪ» ከመነሻው እስከ መጨረሻው የሚሮጥ ነው። «ምሩቅ» ከመነሻው እስከሚያውቀው ቤት የሚሮጥ ነው። ዩኒቨርሲቲው የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ቢመሠረትም፣ የእርሻ ኮሌጁ ከእ.ኤ.አ. 1952 ጀምሮ ስለነበረ በከተማዋ የሚያውቀው ቤት የሌለው ምሩቅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ተቋሙ ደግሞ ተማሪውን ወደ ኅብረተሰቡ አውጥቶ በማስተማር ይታወቃል። ምሩቁ ትምህርቱን አልረሳም፤ ሩጫውን አቋርጦ ወደ ኅብረተሰቡ ይገባል።

ምልከታው የተካሄደው ከአንድ ግንድ በተጠረበ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው። ሂደቱ እንዲህ ነው፦ ተማሪው ቀዩን ጭቃ እየረጨ ያልፋል። ምሩቁ ቲሸርቱ ሆዱ ላይ ተወጥሮ ይመጣል። ከደጃፍ «ኮታ፣ ቡና ዹጋ!» (ኑ፣ ቡና ጠጡ!) የሚል ድምፅ ይሰማል። ድሮ ሽሮ በዱቤ ያበሉት እትዬ ናቸው። ያያሉ፣ ይስማሉ፣ «ተመችቶሃል!» ይላሉ። ታዛቢዎቹ ቦርጭ ያሉት ነገር እዚህ ቤት ምስጋና ሆነ ማለት ነው። ምሩቁ «እየሮጥኩ ነው» ሊል አፉን ይከፍታል፤ ፈንድሻ ይገባበታል። አቦል ይቀዳል። አቦልን ጠጥቶ መነሣት ነውር ነው፤ ቶና ይከተላል። በረካን ትቶ መሄድ በረከት ረግጦ መሄድ ነው። በረካው ሲቀዳ አሸናፊው ተማሪ ሜዳሊያውን ተቀብሎ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ተኝቷል።

ቡና ሯጭ ያፈጥናል የሚለው የውጭ አገር እምነትም እዚህ ላይ ይወድቃል። ካፌይን እስከ እ.ኤ.አ. 2003 መጨረሻ ለስፖርተኛ በመጠን የተገደበ ነበር፤ ወሰኑ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 12 ማይክሮ ግራም ነበር። በእ.ኤ.አ. 2004 ገደቡ ሲነሣ ጅማ ላይ የተለወጠ ነገር አልታየም። በዚህ ምድር ቡና ሯጩን የሚያስቀምጥ ነገር ነው። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር፣ ጅማ ግን ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ምሁራን ምሥጢሩን በአየሩ መሳሳት ያስረዳሉ። በዚያ ከፍታ ቡና እንደማይበቅል፣ ስለዚህም ሯጭን ከመንገድ የሚጠራ ጓሮ እንደሌለ ግን አላስተዋሉም።

የጥናቱ ዋና ግኝት ርቀትን ይመለከታል። ማራቶን 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። ከጅማ እስከ ቡና ከተማዋ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከጅማ ወደ አጋሮ የሚሮጥ ማራቶን የአጋሮ ጀበና ዘንድ ሊደርስ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ፍሬው ገና አረንጓዴ በሆነ የቡና ዛፍ መሐል ያበቃል። እንዲህ ያለ ሩጫ ለምሩቅ ትርጉም የለውም። መፍትሔው ማስረዘም ነው፤ ፈር ቀዳጅም አለው። ዛሬ የምንሮጠው ርቀት የመጣው ከእ.ኤ.አ. 1908ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ነው፤ ሩጫው ከዊንድዘር ቤተ መንግሥት ተነሥቶ ስታዲየሙ ውስጥ ከንጉሣውያኑ መቀመጫ ፊት እንዲያበቃ ተብሎ ነው። ለእንግሊዝ ዙፋን የተለካ መንገድ ለአጋሮ ረከቦት የማይለካበት ሳይንሳዊ ምክንያት አልተገኘም።

ጥናቱ እዚህ ላይ ያቆማል፤ በረካው እየተቀዳ ነው።