ፈተና የማያልቅበት አገር

ቡና ልጠጣ ሰው መሐል ብቀመጥ ወሬው ፈተና ነው። የአንዱ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሊፈተን ነው፤ የሌላው የመውጫ ፈተና ወድቆ ቤት ተኝቷል፤ የሦስተኛው ምራት ደግሞ መሥሪያ ቤቷ ፈተና ላይ ሊያስቀምጣት ስለሆነ በአርባ ዓመቷ ሌሊት ስትሸመድድ ታድራለች። ሳይፈተን የቀረ እኔና የሰፈሩ ውሾች ብቻ ነን። ለውሾቹም ቢሆን አልምልም።

የልጅ ልጄ ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ኬጂ ልናስገባት አንድ የግል ትምህርት ቤት ወሰድናት። “የመግቢያ ፈተና አለ” አሉን። ማነው የሚፈተነው፣ እኔ ነኝ ወይስ እናቷ? አልኩ። “ልጅቷ ናት” አሉኝ። እግዚኦ! አብሬ ገባሁ። ሚስ የሙዝ ሥዕል አነሣችና በእንግሊዝኛ ቀለሙ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷ ሥዕሉን አየች፣ ሚስን አየች፣ “ሙዝ” አለች። ሚስ ደግማ ጠየቀች። “ሙዝ ነው!” አለች ልጅቷም። ልጅቷ፣ ሚስ አልገባትም ብላ አዘነችላት መሰለኝ፣ ጠጋ አለችና “ይበላል” ብላ አስረዳቻት። ሚስ ወረቀቷ ላይ ኤክስ አደረገች። እኔ ብሆን አንደኛ ነበር የማወጣት፤ የሙዝን ዋና ጉዳይ የያዘችው እሷ ናት። ብቻ ወደቀች ተባልን። ጫማዋን ለብቻዋ ማድረግ ሳትችል ወደቀች!

በእናንተ ጊዜ ፈተና አልነበረም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበር እንጂ! የኔታ ዘንድ የተቀመጠ ያውቀዋል። የኔታ ወረቀት አያድሉም። ጣታቸውን “ሀ” ላይ ያሳርፉና ትንሽ ካስኬዱህ በኋላ ሳታስበው ዘለው “ጰ” ላይ ቁጭ ይላሉ። በዜማው ብቻ ተሸክሞት የመጣ ልጅ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ታዲያ ወድቀሃል፣ ሂድ አይባልም፤ ያቺኑ የሳታትን ፊደል ነገም ከነገ ወዲያም ይቆጥራታል። አለንጋው እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው። የኔታ የሚፈትኑት ነገ ምን እንደሚያስተምሩ ለማወቅ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ፈትነው ካርድ ሰጥተው ቀጣዩን ምዕራፍ ይገልጣሉ፤ ያልገባው ልጅ ካልገባው ጋር አብሮ ያልፋል።

አልፎ አልፎም 12ኛ ክፍል ይደርሳል። በ2014 ዓ.ም ፈተና ጊዜ ተማሪው በየዩኒቨርሲቲው ተወስዶ፣ ኪሱ ተፈትሾ፣ ስልክ ተከልክሎ ተፈተነ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በ2015 ደግሞ 3.2። በዚያ ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። አንድም! በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ አለ ሲባል ሰማሁ። ከመቶ ከዘጠና አንድ በላዩ ወድቆ እልል በሉ ልባል ነው እንግዲህ።

የበፊቱ ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። በ2008 ፈተናው ተሰርቆ በፌስቡክ ሲዘራ፣ ግንቦት ላይ ሊሰጥ የነበረው ተሰርዞ ወደ ሐምሌ መተላለፉን ያልሰማ የለም። ፈታኙ ራሱ መልስ የሚያነብበት ክፍልም እንደነበር አገር ያውቀዋል። በኛ ጊዜ መኮረጅ እንኳ ሥራ ነበረው። አጤሬራ የሚያዘጋጅ ልጅ ያንን ሁሉ ትምህርት ጥፍር በምታህል ወረቀት ላይ ሲያጭቅ ሲያጭቅ ሳያስበው ያውቀዋል፤ ፈተናው ቀን ወረቀቷን ማውጣት አያስፈልገውም። የስልክ ዘመኑ ልጅ ግን መልሱ ተልኮለት “ሀ፣ መ፣ ለ” ብሎ ይገለብጥ ነበር። ጥያቄው ምን እንደነበር ብትጠይቁት አያውቅም።

ስለዚህ 3.3 ውሸት ነው አልልም። እውነት መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። አንድ ትምህርት ቤት እንዳለ ሲወድቅ፣ ከወደቁት ስም ዝርዝር ውስጥ የርዕሰ መምህሩ ስም የታለ? መጽሐፍ ሳያደርስ ዓመቱን የጨረሰው ቢሮ ስምስ? ልጁ ሪሚዲያል ይገባል። ለእነሱ ሪሚዲያል የለም? ዩኒቨርሲቲውም ያው ነው። አራት ዓመት ኤ እና ቢ እየሰጠ ያሳለፈውን ልጅ፣ በ2015 የመውጫ ፈተና ብለው በሩ ላይ ጠበቁት፤ በመጀመሪያው ዙር ካለፈው የወደቀው በለጠ። ኤውን ሲሰጥ የኖረው ማን ነበር? እሱ ዛሬም ጠመኔ ይዞ እዚያው ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ታዲያ “ጋሼ፣ ፈተና ጭራሽ ይቅር” ይለኛል። ይቅር? አንተ ምን ታውቃለህ አልኩት። ማትሪክ የማንን ልጅ ነው የምፈትነው ብሎ ጠይቆ አያውቅም። የጉሊት ቸርቻሪዋ ልጅና የሚኒስትሩ ልጅ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ወረቀት ነበር የሚገለብጡት። በዚያች ወረቀት ስንቱ ሐኪም፣ ስንቱ መሐንዲስ ሆኖ እናቱን ከጉሊት አስነሥቷል። የሚኒስትሩ ልጅ አስጠኚ ነበረው፣ እሱን አልክድም፤ ወረቀቷ ላይ ግን አስጠኚው አብሮት አይቀመጥም።

ወረቀት ሲቀር የሚሆነውንም አውቃለሁ፤ ለቅጥር የጽሑፍ ፈተና አንደኛ የወጣ ልጅ ቃለ መጠይቅ ላይ አራተኛ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ምን ይገርማል? የጽሑፉ ወረቀት መለያ ቁጥር እንጂ ፊት የለውም። ቃለ መጠይቅ ግን ፊት አለው፤ ፊት ደግሞ አጎት አለው።

ከተቀጠሩ በኋላ ያለውን ምዘናማ እኔን ጠይቁኝ። ጡረታ የወጣሁት ከመዝገብ ቤት ነው። በየስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ይመጣል። አለቃዬ፣ የልጄ እኩያ፣ በሩ ላይ ቆሞ “ጋሼ፣ ይህቺን ራስዎ ይሙሏትና እፈርማለሁ፤ ስብሰባ ረፍዶብኛል” ይለኛል። “አዲስ አሠራር መፍጠር” የሚል መስፈርት አለባት፣ አምስት ነጥብ የሚያዝበት። መዝገብ ቤት ውስጥ ምን ልፍጠር? ፋይሉን ከቦታው ሌላ ጋ ባስቀምጠው አዲስ አሠራር ነው፤ ግን ማንም አያገኘውም። አምስት ከአምስት ሞላሁ። ወንበሩ ላይ ኮቱን ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ የሚጠፋው ባልደረባዬም አምስት ከአምስት ሞላ። ፍትሕ ቢኖር ነጥቡ ለኮቱ ነበር የሚገባው፤ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።

የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2016 ሠራተኛውንም ኃላፊውንም ወረቀት ፊት ሲያስቀምጥ ብዙዎቹ መውደቃቸው አልደነቀኝም። ያን ሁሉ ዓመት ዘጠና አምስትና ዘጠና ስምንት ሲሞላላቸው ኖሮ! ከወደቁት መሐል ሥራውን በእጁ የሚያውቅ፣ ወረቀት ሲያይ ግን የሚብረከረክ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ግን ከቅጹና ከወረቀቱ አንዱን እመን ብትሉኝ ወረቀቱን ነው የማምነው፣ እያጉረመረምኩም ቢሆን።

ወረቀቱንም ቢሆን ግማሽ ጎኑን ነው። አንድ እኩያዬ ሰሞኑን መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄደ። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ ሰላም የሚለኝ ድምፄን ለይቶ ነው። የዓይን ምርመራውን እንዴት ሆንክ? አልኩት። “ተራ ስጠብቅ ከፊቴ ያሉት እየጮኹ ይመልሳሉ። ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ታች፣ ቀኝ። ሸመደድኳታ!” አለኝ። አንዲት አልሳተም። መርማሪው “አባባ፣ ዓይንዎ የጎረምሳ ነው” ብሎ ፈረመለት። ይህንን እያወራኝ መኪናውን አስነሣና “ግባ፣ ቤትህ ላድርስህ” አለኝ።

ሐኪም በእግር መሄድ አዞልኛል አልኩት፤ አጥር አጥሩን ተጠግቼ ወደ ቤቴ ገሠገሥኩ።