የማህተሙ ቀለም

አባቴ ኃይሉ ይባላል። በአፍ ሲጠራ እንከን የለውም፤ ጣጣው የሚመጣው ብዕር ሲነሳ ነው። በልደት ካርዴ ላይ በብዙኃኑ «ኃ»፣ በመታወቂያዬ ላይ በሃሌታው «ሀ» ሰፍሯል። አርባ ዓመት ሙሉ ልብ ሳልለው ኖሬ፣ አንድ ቀን ባንክ ቤት ያለች ልጅ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠችና «አባትህ ሁለት ናቸው» አለችኝ። እናቴ ብትሰማ ምን እንደምትል እያሰብኩ ወጣሁ። ከወረዳዬ፣ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው የሚል ደብዳቤ ማምጣት ነበረብኝ።

ወረዳዬ መርካቶ ጥግ ነው። ቁጥሩን አልናገርም፤ ነገም ጉዳይ አለኝ። አባቴ እስከ ዛሬ «ቀበሌ» ነው የሚለው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ የመጣው ቀበሌ ወረዳ ቢባልም፣ በላዩ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያም በላይ የከተማው አስተዳደር ቢደረደርበትም፣ ለእሱ በኩፖን ስኳር የወሰደበት ያው ግቢ ነው።

ጥበቃው «መስኮት 3» አሉኝ። መስኮት 3 «መዝገብ ቤት» አለኝ። መዝገብ ቤት፣ ፋይሌ ሂደት መሪው ጋ ነው አለ። ሂደት መሪው ስብሰባ ናቸው። መርካቶ ውስጥ ሸክም ያጎበጠው ልጅ እንኳ ብትጠይቁት ቆም ብሎ በአገጩ ያሳያችኋል፤ ሸማ ተራ በዚህ፣ ምን አለሽ ተራ በዚያ። እዚህ ግን ሁሉም የሚያውቀው የራሱን ጠረጴዛ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ቢፒአር፣ ቢኤስሲ፣ ካይዘን የሚሉ ወረቀቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተለጥፈው የየዘመኑን ለውጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ደራርበውታል።

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤዬ ተተየበ፤ ፊርማውም ቲተሩም አረፈበት። የቀረው ክቡ ማህተም ነው። ማህተም የያዘችው ልጅ አንስታ ደቅ ስታደርገው የወጣው ሩብ ጨረቃ ሆነ። መርገጫው ደርቋል። ከሃይላንዷ ጠብ አድርጋ ደግማ መታችው፤ ጨረቃዋም ጠፋች።

«ቀለም አልቋል ወንድሜ።»

«መቼ ይመጣል?»

«ግዥ ጠይቀናል፤ ሦስት ፕሮፎርማ እየተሰበሰበ ነው።»

ከመስኮቱ ውጭ መርካቶ ይጮኻል። የአገር ቀለም ተራግፎ የሚከፋፈለው ከደጃችን ነው! እየሮጥኩ ወጥቼ፣ ጋሪ ዘልዬ፣ ሁለት ሰው ረግጬና ሦስት ጊዜ ተሰድቤ ጽሕፈት መሣሪያ ከሚሸጡበት ደረስኩ። ባለሱቁ ዝርዝር አልነበረውም። «ውሰደው፣ ስትመለስ ትሰጠኛለህ» አለኝ። አያውቀኝም።

አሸናፊ ሆኜ ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ ሳቆመው ልጅቷ ወደ ኋላ ሸሸች።

«በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሳይሆን እንዴት አድርጌ ልንካው?»

«ስጦታ ነው እህቴ።»

«ስጦታማ የባሰ ነው!»

ንብረት ክፍሉ ሥልጠና ሄዷል። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ተናደድኩ፤ ቆይቼ ግን ነገሩ ገባኝ። ከየፎርሙ ጀርባ አንድ ሌባ አለ። ሦስቱ ፕሮፎርማ የመጣው ከዘመዱ ብቻ በገዛው ሰው ነው፤ ሞዴሉ የመጣው ቀለሙን ቤቱ በወሰደው ነው። አሜሪካኖቹም የተማሩት በጥይት ነው። በፈረንጆቹ 1881 ቻርልስ ጊቶ የሚባል ሰው ፓሪስ ላይ ቆንስል አድርጉኝ እያለ ዋሽንግተን ደጅ ሲጠና ከርሞ፣ ሹመቱን ሲያጣ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ተኩሶ መታው። በ1883 የፔንድልተን ሕግ ወጣና ለመንግሥት ሥራ ፈተና መጣ፤ እሱም ቢሆን መጀመሪያ የሸፈነው ከአሥር ሥራ አንዱን ያህል ነው። እኛ ጋ ደጅ ጥናት የወግ ማዕረግ ነበር፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሚቀጠርበትን ሥርዓት የሚይዝ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። እኔን ደግሞ ይኸው በ2010ሮቹ ደጅ አስጠኑኝ፤ ልዩነቱ ለሹመት ሳይሆን ለአንዲት ፊደል መሆኑ ነው።

አቤት የሚባልበትም አልጠፋም። እምባ ጠባቂ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 ተቋቁሟል። እምባዬ ግን እዚያ ድረስ የሚያስኬድ አልመሰለኝምና ወደ አስተያየት መስጫው ሳጥን ዞርኩ። በሲባጎ የታሰረውን እስክሪብቶ ብሞክረው እሱም ቀለም ጨርሷል።

ለምሳ ሊዘጋ ሲል ልጅቷ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰው ዕቃውን ረስቶ ቢሄድ እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች። ረሳሁት። ሻይ ጠጥቼ በዘጠኝ ሰዓት ስመለስ ደብዳቤዬ ላይ ሙሉ ጨረቃ ወጥታለች። ጠርሙሱ በቦታው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

መንገድ ላይ ገልጬ አነበብኩት። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» የተባሉት አንድ ሰው መሆናቸውን ያረጋግጣል። ከላይ፣ ስሜ በተጻፈበት መስመር ላይ ግን አባቴ በሐመሩ «ሐ» ገብቷል።

ወደ ወረዳው ልመለስ ወይስ ልቅር እያልኩ ዕዳዬን ልከፍል ባለሱቁ ጋ ደረስኩ። ጥጉ የተበላ ደብተሩን ገለጠ፣ በጣቱ ወረደ፣ አንዱ መስመር ላይ ቆመ፤ «መነጽራሙ፣ ቀለም 1» ይላል። ብሩን ተቀብሎ በእስክሪብቶ ሰረዘኝ።