ኦሪጅናል ናት፣ ከጎማዋ በቀር

አዳማ ላይ ቮልስ ያለው ሰው መኪናውን አይሸጥም፤ ዋጋ ሲጠየቅ ግን ደስ ይለዋል። «ፋብሪካ እንዳወጣት ናት! ኮፈኗ፣ መሪዋ፣ ሬዲዮዋ ሳይቀር ኦሪጅናል» እያለ ጣሪያዋን መታ መታ ያደርጋል። ዝቅ ብላችሁ ብታዩ ግን ከፓራፋንጎዋ ሥር ባለ 17 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬ ያብለጨልጫል። ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ስኒከር ተጫምተው እንደመውጣት ያለ ነገር ነው።

ሰውየው ቢኮራ አይፈረድበትም። የቮልስ ምርት እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ካቆመ ቆይቷል። እኛ ጋ ደግሞ የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን የሀብታም ጨዋታ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተባለ። ትናንት «ይቺን ነገር መቼ ነው የምትገላገላት?» ሲባል የነበረ ሰው ዛሬ የቅርስ ባለቤት ነው። ቅርሱን የሚያከብረው ግን ጫማዋን በማውለቅ ነው።

ማውለቁ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የድሮዋ ቮልስ ቸርኬ አምስት ብሎን አለው፤ ብሎኖቹም ተራርቀው የተሰደሩ ናቸው። በዚህ ልክ ከሚገጥሙላት ዘመዶች አንዱ የጥንቱ ፖርሽ 356 ነው፤ እሱን ደግሞ አዳማ ላይ ፈልጎ ያገኘ ሰው ይንገረን። ስለዚህ ቶርኖ ቤት ተኪዶ ማስማሚያ ይቀረጻል። ስድሳ ዓመት ያለ አንዳች እንከን የኖረ እምብርት አዲስ ቀዳዳ ይበሳለታል። ወጪው ሲጠየቅ መልሱ «ለውበት ነው» ይሆናል።

ቀልዱ ያለው ልኩ ላይ ነው። ቸርኬው ከ15 ወደ 17 ኢንች አደገ ብለን ስንደሰት፣ ላዩ ላይ የሚለብሰው ጎማ ስስ ስለሆነ መላው ጎማ ያንሳል። የቀድሞው 165/80 ቁመቱ 64.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አዲሱ 205/40 ግን 60 እንኳ አይሞላም። ትልቅ ተገዛ፣ ትንሽ ተገጠመ። በዚያ ላይ የቮልስ ፍጥነት መቁጠሪያ ሽቦ የሚነሳው ከፊት ግራ ጎማ እምብርት ነው። ጎማው ሲያንስ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፤ ቆጣሪውም 100 ብሎ ሲያውጅ መኪናዋ እውነተኛ ፍጥነቷ 92 ገደማ ነው። 120 በሚፈቀድበት የአዳማ–አዲስ አበባ ፍጥነት መንገድ ላይ «መቶ ደፍኜ ነው የመጣሁት» የሚለን ወዳጃችን እንግዲህ አልዋሸም፤ የዋሸችው መኪናዋ ናት።

ከጎሚስታው ቤት ደግሞ ይህን ሰማሁ። ልጁ የንፋሱን ቱቦ ይዞ ቁጢጥ እንዳለ፣

«ጋሼ፣ ቮልስ የፊቷ ንፋስ ከኋላዋ ያንሳል። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ፊቷ ቀላል ነው» አለ።

«አንተ ልጅ፣ ይቺ መኪና ስትገዛ አባትህም አልተወለደ። እኩል ሙላ!»

ልጁ እኩል ሞላ። ሰውየው መሪውን ሲያዞር ሰፊው ጎማ ፓራፋንጎውን ፋቀው፤ ጎሚስታው የሰማ አልመሰለም። ትክክለኛውን ነገር የነገረውም ያልተሰማውም እሱ ነው፤ ለንፋሱ የተከፈለውም እሱ ነው።

መከራው የሚታየው ከከተማ ሲወጣ ነው። መቂና ባቱ መካከል ጎማ ሲፈነዳ ባለቤቱ የፊት ኮፈኑን ከፍቶ ተቀያሪውን ያወጣል። ተቀያሪው አልተለወጠም፤ እሱ ብቻ በእርግጥም ፋብሪካ እንዳወጣው ነው፤ ባለ አምስት ብሎን፣ ቀጭን፣ ረጅም። ማስማሚያው ላይ አይገጥምም። ቅርስ የተባለው ዕቃ ሁሉ አስፋልት ዳር ቆሞ ወደ ሻሸመኔ የሚያልፍ አይሱዙን ይለምናል።

የቦሎ ምርመራ ሲደርስስ? ያኔ የድሮ ጎማ ከጓደኛ በውሰት ይመጣል። መኪናዋ ለአንድ ጠዋት እንደ ወጣትነቷ ትሆናለች፤ ከሰዓት በኋላ አልሙኒየሟን መልሳ ትጫማለች። የራሷ ቸርኬዎች ግን የሉም፤ አንዱ ለቁራሌው ተሸጧል፣ ሌላው ምድጃ ሆኗል። ያገራችን ቸርኬ ዕድለኛ ከሆነ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የትምህርት ቤት ደወል ይሆናል፤ ቢያንስ ያኔ ሲመታ ሰው ይሰማዋል።

ቮልስ ያላችሁ ወገኖች፣ ማስዋብ መብታችሁ ነው። ማስዋብ ካማራችሁ አሮጌውን ቸርኬ ዝገቱን አስፍቃችሁ ቀለም ቀቡት፤ ከአዲሱ በርካሽ ያልቅላችኋል፤ ፓራፋንጎም አይፍቅም። አሻፈረኝ ካላችሁም ለውጡ፣ ግን አምስቱንም አሮጌ ቸርኬ ቤት አስቀምጡ። ነገ ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነሱን ነው።