ቲኬቱን ቁረጥ፣ አልጋውን አክስትህ ታስብበት

ወደ ቆቦ ልትመጣ አስበሃል፤ እሰየው። ከአዲስ አበባም ተነሳ፣ ከጅዳም ተነሳ፣ ከዋሽንግተንም ተነሳ፣ መጀመሪያ የሚደረገው አንድ ነው፤ ቲኬት መቁረጥ። ማንንም አትጠይቅ። ሌሊት ስልክህ ላይ ዋጋው ቀነስ ብሎ ካየኸው እዚያው ከፍለህ ተኛ። የት እንደምታድር ማሰብ ያንተ ሥራ አይደለም። ቆቦ አክስት አለችህ፣ አክስትህ ደግሞ አልጋ አላት።

አልጋዋ አንድ መሆኑን አታንሳው። አንተ ስትመጣ እሷ መደብ ላይ ትወርዳለች፣ ልጆቹ ጎረቤት ለጎረቤት ይበተናሉ፣ አንተ ጠዋት እየተንጠራራህ «የአገር ቤት እንቅልፍ እኮ ልዩ ነው!» ትላለህ።

የምትመጣበትን ቀን አስቀድመህ አትንገራት። አስቀድሞ ያወቀ ሰው ይዘጋጃል፤ አንተ የምትፈልገው ግን ድንጋጤዋን በስልክህ መቅረጽ ነው። ኮምቦልቻ ስታርፍ ደውል። «አክስቴ፣ መጣሁልሽ እኮ! ማታ እገባለሁ።» ሁለት ጓደኞችህ አብረውህ እንዳሉ ወልድያ ስትደርስ ንገራት። ቀጥለህ «በሞቴ፣ ምንም እንዳትደክሚ» በላት። ይህን ሰምታ ዶሮ ሳታፈላልግ የምትቀመጥ ሴት ራያ ውስጥ እንደሌለች ታውቃለህ። በብድር እንደምትገዛውም ታውቃለህ።

ወር ስትመርጥ ኅዳርን አትርሳ። ማሽላው የደረሰበት፣ ሰው ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ማሳ የሚወርድበት ጊዜ ነው። አንተ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለህ «ከተማው ምነው ጭር አለ?» እያልክ ጠይቅ፤ አክስትህ አዝመራዋን ትታ ቡና ታፈላልሃለች። እንግዳ ስታስተናግድ የከረመች ሴት እህሏን በቅጥር ሠራተኛ ነው የምታሳጭደው፤ ያንን የሚከፍላት የለም። ያ እህል እኮ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው ነው! «መቼ ብመጣ ይመቻችኋል?» ብለህ አንድ ስልክ ብትደውል ምን ይጎድልብሃል? ቲኬት ሻጩን ስንት ጊዜ ደዋውለህ ጠየቅኸው፤ እሷን አንድ ጊዜ መጠየቅ እንዴት ከበደህ? ይሁን፣ ወደ ምክሩ እንመለስ።

የምትመጣው ለልጃገረዶቹ በዓል፣ ለሶለል፣ ከሆነ ቀኑን በራስህ አስላ። ነሐሴ 16 ነው ሲሉህ ኦገስት 16 ብለህ ቁረጥ። ኦገስት 16 እኛ ዘንድ ነሐሴ 10 ነው፤ ፍልሰታ አልተፈታም። ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፣ ጭፈራ የለ። ሽሮ እየበላህ ልጃገረዶቹ መቼ እንደሚወጡ ስትጠይቅ ትሰነብታለህ። ሶለል የሚገባው ኦገስት 22 ነው፤ ያን ዕለት አንተ በመመለሻህ አውሮፕላን ላይ ነህ፤ ርካሹን መርጠሃልና ቀኑ አይቀየርልህም። በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ የሚባለውም የሚጀምረው በዚያው ዕለት ስለሆነ «ያንን አያለሁ» ብለህ ብትዞርም አታገኘውም። ይህ ሁሉ ሲሆን ቆቦ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሕፃን ቀኑን በትክክል ሊነግርህ ይችል ነበር።

ሰዓቱንም እንደ ቀኑ አድርገው። ቲኬቱ ላይ 07:00 ካለ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው ብለህ ምሳህን በልተህ ውጣ። አውሮፕላኑ የተነሳው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው።

አሁን ኤርፖርት እንምረጥ። ቆቦ ኤርፖርት የላትም፤ ወልድያም የላትም። ስለዚህ ካርታ ክፈትና ለቆቦ የቀረበውን ፈልግ፤ ላሊበላን ታገኛለህ። በቀጥታ መስመር ሲለካ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁረጥ! የላስታ ተራራ በዚያ ካርታ ላይ አይታይም። ዋናው መንገድ በጋሸና ዞሮ ወደ ወልድያ እንደሚወርድ፣ ከወልድያም ወደ ቆቦ ገና 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚቀር የሚነግርህ ላሊበላ የምታገኘው ሹፌር ነው፤ የኮንትራቱን ዋጋ የሚጠራልህም እሱው ነው።

ደሴ የሚለውን ከመረጥክ ደግሞ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። ከዚያ ደሴ ትወጣለህ፤ ከደሴ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርገህ ወልድያ ለመድረስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀርሃል፤ ከዚያ ጎብዬን፣ ሮቢትን አልፈህ ቆቦ። ከሰዓት በኋላ ያረፈ ሰው በዚያው ቀን ቆቦ እገባለሁ ካለ መንገድ ላይ ይመሽበታል። ያን ሌሊት ወልድያ ማደር ግድ ነው። አንተ ግን ወልድያ አልጋ አልያዝክም፤ አክስትም ወልድያ የለችህም። ምሽት ላይ ሻንጣህን እየጎተትክ ከአንዱ ፔንሽን ወደ ሌላው ዙር፤ «ሞልቷል» ሲሉህ «ከአሜሪካ ነው የመጣሁት» በላቸው።

ሻንጣዎቹ ሁለት ትልልቅ ይሁኑ። ከውጭ በሌላ አየር መንገድ የተፈቀደልህ ኪሎ በአገር ውስጥ በረራም ይሠራል ብለህ ቦሌ ላይ ተከራከር።

አልጋውን ከቲኬቱ አስቀድሞ የሚይዝም አለ፤ እሱም ማጥፊያ መንገድ አያጣም። ለገና ላሊበላ ሆቴል ይይዛል፣ የማይመለስ ሙሉ ሂሳብ ይከፍላል፣ ከዚያ በረራውን እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ይረሳዋል። የሚሄደው የገናውን ዝማሬ፣ ቤዛ ኩሉን፣ ለመስማት ነው፤ በዓሉ ታኅሣሥ 29 ነው፣ ምእመኑ በእግር ሳይቀር ከየአገሩ የሚተምበት ቀን። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ወንበር ደግሞ የተቆጠረ ነው። ይሁንና በዚህ ሰው ላይ ብዙ አልፈርድም። የጠፋው የራሱ ገንዘብ ነው፤ የማንንም እናት ከአልጋዋ አላወረደም።

የመጨረሻው ምክር መንገዱ ክፍት መሆኑን አለመጠየቅ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ፊቴን ፈገግ አድርጌ መጻፍ አልችልም። ቆቦ በ2013 ክረምት ጦርነት ገብቶባት ብዙ ሰው ያለቀባት ከተማ ናት። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል ግጭት ሲነሳ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ባሕር ዳር የሚደረገው በረራ ተቋርጦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም የመኪናው መንገድ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን አለ። ይህን የሚያውቀው እዚያው የሚኖር ሰው ነው። ቲኬት የሚሸጥልህ ድረ ገጽ ከወልድያ እስከ ቆቦ ያለው መንገድ ዛሬ ሰላም ይሁን አይሁን አይነግርህም። ሳትጠይቅ ተነስተህ መንገድ ሲዘጋብህ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ይዛ የምታድረው አክስትህ ናት፤ ሊቀበልህ የሚወጣው ልጇ ነው። ለሰው ሕይወት እንዲህ ግድ የለሽ መሆን ነውር ነው።

ስለዚህ ፌዙ እዚህ ይብቃ። ቲኬት ይቅደም ወይስ ማደሪያ ለሚለው የእኔ መልስ ይኸውልህ። ከሁለቱም የሚቀድመው ስልክ ነው። ቤቱ ሰው መያዝ ይችል እንደሆነ፣ ወሩ የሥራ ወር እንደሆነ፣ መንገዱ እንዴት እንደሆነ ጠይቅ። ቀጥሎ ማደሪያ ያዝ። ቆቦም ወልድያም አልጋ በስልክ ይያዛል፣ ቀብዱን በቴሌብር ትልካለህ፣ ሐሳብህን ብትቀይር የሚጎዳህ ጥቂት ነው፤ የአውሮፕላን ቲኬት ቀን መቀየር ግን ቅጣት አለው፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይቀየርም። ለላሊበላ ገና ደግሞ አልጋውም ወንበሩም ስለሚያልቅ ሁለቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ጨርስ። ከውጭ የምትመጣ ከሆነ የአገር ውስጡን በረራ አስቀድመህ አጣራ፤ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለገባ መንገደኛ የአገር ውስጥ ቲኬት በቅናሽ ስለሚሸጥ፣ በሌላ አየር መንገድ ያገኘኸው ርካሽ ዋጋ ተደምሮ ሲታይ ርካሽ ላይሆን ይችላል።

አልጋ ተከራይቼ ባድር አክስቴ ትቀየመኛለች ትል ይሆናል። አዎ፣ ትቀየማለች። አስቀድመህ ንገራት፣ ቀኑን ሙሉ እሷ ዘንድ ዋል፣ ምሳህንም ራትህንም እሷ ቤት ብላ፣ ለዶሮውም ለጤፉም የሚሆን ገንዘብ ከመምጣትህ በፊት ላክላት። ማታ ግን ሴትዮዋ በገዛ አልጋዋ ትተኛ።

ለመጪው ገና ከሆነ ያሰብከው፣ ቲኬቱን ገና ካልቆረጥክ፣ እባክህ ዛሬውኑ ደውልላት።