ሕጉ ፈቅዶልኝ ጉልበቴ የከለከለኝ

ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ብሔራዊ የራግቢ ቡድን እንዳልሰለፍ የሚከለክለኝ ሕግ የለም። ይህን ስናገር ዱባይ ደይራ ሰፈር ያሉ ጓደኞቼን ቡናው ትን ይላቸዋል፤ ግን እውነት ነው። የዓለም ራግቢ ደንብ አንድ ሰው ለተወለደበት፣ ወላጆቹ ወይም አያቶቹ ለተወለዱበት፣ አለዚያም በድምሩ 10 ዓመት ለኖረበት አገር መጫወት ይችላል ይላል። ድሮ 36 ወር ይበቃ ነበር። እኔ በሁለቱም ሒሳብ አልፋለሁ። እዚህ አገር እንደ እኔ ያለ ሹፌር ዕድሜውን ሙሉ ቢኖር የሚታደስለት ቪዛው ነው፤ ዜግነት በሕልሙም አይመጣበትም። ማሊያውን ግን መልበስ ይችላል። ለሌላ አገር ተሰልፈህ ታውቃለህ ወይ ብለው ቢጠይቁኝም መልሴ ንጹሕ ነው፤ በሕይወቴ የተሰለፍኩት ለዘይትና ለስኳር ብቻ ነው።

እንግዲህ የቀረኝ ራግቢ መቻል ነበር።

ከዚህ ጨዋታ ጋር ያገናኘኝ የመኪና መሪ ነው። የቡድኑን ተጫዋቾች በሚኒባስ ወደ አል ዓይን መንገድ፣ ዘ ሰቨንስ ወደሚባለው ስታዲየም አመላልሳለሁ። ቀን ሥራቸው ላይ ውለው ማታ የሚለማመዱ ሰዎች ናቸው፤ ከእንግሊዝና ከደቡብ አፍሪካ የመጡት ይበዛሉ። እነሱ ላባቸውን ሲያፈሱ እኔ ኤሲ ከፍቼ፣ የቋጠርኩትን ፍርፍር እየበላሁ፣ በስልክ ለወዳጆቼ ትንታኔ እሰጣለሁ። «ኳሱን ወደ ኋላ እየወረወሩ ወደ ፊት እንሄዳለን የሚሉ ሰዎች የት ይደርሳሉ?» የሚለው የእኔ ነው።

ለማላገጥ ደግሞ ቁጥር አላጣሁም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) የባሕረ ሰላጤው አገሮች እስከ 2010 መጨረሻ ድረስ በአንድ ቡድን ነበር የሚጫወቱት። ኤምሬቶች ራሷን ችላ በወጣች በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2011፣ ጃፓን 111 ለ 0 ቀጣቻት። በዓመቱ 106 ለ 3። በ2013 ደግሞ 93 ለ 3። «ለውጥማ አለ፤ በዚህ አያያዝ የልጅ ልጆቻቸው እኩል ይወጣሉ» ብዬ ቡና ቤቱን ሙሉ አስቄያለሁ። ይባስ ብዬ «ይሄ የፈረንጅ ዕድር እንጂ ብሔራዊ ቡድን ነው እንዴ?» አልኩ። ይህን የምለው እኔ፣ ደመወዜን ከሕንዳዊ ገንዘብ ያዥ የምቀበል፣ ፀጉሬን ፓኪስታናዊ የሚቆርጠኝ፣ ለብሔራዊ ቀናቸው ሚኒባሴ ላይ ባንዲራ ለጥፌ የምዞር ሰውዬ ነኝ።

አንድ ማታ ጋቢና ከጎኔ የተቀመጠው ደቡብ አፍሪካዊ ሳቄን ሰማ። ጆሮዎቹ ከግፊያው ብዛት አብጠው የደረቁ፣ ቅርጽ ያጡ ናቸው። ስለ ምን እንደምስቅ ጠየቀኝ፤ ቁጥሩን ነገርኩት። አልተቆጣም። «ብራዘር፣» አለኝ፣ «ጃፓንም በ1995ቱ ዓለም ዋንጫ በኒውዚላንድ 145 ለ 17 ተሸንፋለች። በ2015 ግን እኛን 34 ለ 32 አሸነፈችን። ያን ቀን አልቅሻለሁ።» ዝም አልኩ። እሱ ግን ቀጠለና «ኢትዮጵያዊ ነህ አይደል? ትሮጣለህ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው የጠፋሁት። ኃይሌ ገብረሥላሴ የዱባይን ማራቶን በ2008፣ በ2009ና በ2010 በተከታታይ አሸንፏል። በዚያ ሰው እግር ዱባይ ውስጥ ስንቴ እንደተከበርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። «ትንሽ ትንሽ» አልኩት፣ ትሕትና መስሎ እንዲታይ አንገቴን ደፋ አድርጌ። እኔ የምሮጠው ትራፊክ ፖሊስ ያቆምኩበት ሲደርስ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ልምምድ ሜዳ አስገቡኝ። ለወጉ ቀለል ያለው ዓይነት ነበር፤ መጣል የለም፣ በእጅ መንካት ብቻ። ዳር መስመሩ ላይ አቆሙኝ። ኳሷ መጣች፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ ደረቴ ላይ ቀረች። ሮጥኩ። ማንም ስላልጠረጠረኝ መስመሩን አለፍኩ፤ ክር የበጠስኩ መስሎኝ ሁለት እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ኳሷ ወደቀች፣ እንደ ሞላላነቷ ወዳልተጠበቀ ጎን ነጥራ ሄደች። ለካ በእጅህ ይዘህ መሬት ካላስነካሃት 5ቱ ነጥብ የለም። ምንም አይደለም ብለው አጨበጨቡልኝ፤ ከስድብ የሚከፋ ጭብጨባ ነበር።

በሁለተኛው ዙር ኳሷ እጄ እንደገባች ባለ ጆሮው ሰውዬ ሜዳውን እያንቀጠቀጠ መጣ። ሊነካኝ ነው እንጂ ሊጥለኝ አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። ጉልበቴ ግን አላወቀም። ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ፣ ለሽማግሌ ውኃ እንደሚያቀርብ ልጅ ኳሷን አስረከብኩት። እሱም ልማድ ሆኖበት ይመስለኛል «ታንኪዩ» ብሎ አለፈ። ይህች ከተማ ሰባት ሰባት ሆነው የሚጫወቱበትን የሰቨንስ ራግቢ ውድድሯን በ1970 ስትጀምር ሰዎቹ የሚወድቁት አሸዋ ላይ ነበር። እኔ ለምለም ሣር ላይ ቆሜ ሰው እንዳይነካኝ ፈራሁ።

ደይራ ስገባ በግራ እግሬ እያነከስኩ ነበር። «ግጥሚያ ላይ ተመታሁ» አልኩ፤ የቡናው ዙር ሁሉ በእኔ ስም ተጠጣ። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንዱ የሰፈሬ ልጅ ያዘኝ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ትናንት ግራው አልነበር እንዴ?» ሁለቱም ናቸው አልኩት። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መዋሸቴን ለንስሐ አባቴ እስካሁን አልተናገርኩም፤ እናንተ ቀደማችሁ።

በ2025 ልጆቹ በእስያ ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጡ። ሆንግ ኮንግ በቀጥታ ለ2027ቱ የአውስትራሊያ ዓለም ዋንጫ ስታልፍ፣ እነሱ በቀረው ቀዳዳ ሊሾልኩ ከናሚቢያ ጋር ገጠሙ፤ ተሸነፉ። ቀን ሥራ ውሎ ማታ የሚለማመድ ቡድን ከዓለም ዋንጫ ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ ማለት ነው። እኔ በዚያው ሰሞን ቡና ቤት ቁጭ ብዬ «ዳር መስመሩ ላይ ፍጥነት አነሳቸው» ስል ነበር።

ጨዋታ ሲኖራቸው ማየት የምትፈልጉ፣ ከደይራ ስነሣ ሚኒባሴ ላይ ቦታ አለ፤ ዋጋ አላስከፍልም። መንገድ ላይ ግን ትንታኔ የምሰጠው እኔ ብቻ ነኝ።