ለወንድም የሚሆን ተራራ

የንጉሥ ወንድም ሆኖ እንደመወለድ ያለ ዕድል ከየት ይገኛል? ቀለብህ ከንጉሥ ነው፣ ዘብህ ሌት ተቀን ከደጅህ አይጠፋም፣ አየሩ ደጋ ነው። መውረድ ብቻ አይፈቀድልህም። አባቶቻችን ይህን ዘዴ ሲያወጡ የቱን ያህል አርቀው እንዳሰቡ የሚገባን የሌላውን አገር ጉድ ስናይ ነው። የኦቶማኑ ሱልጣን ሳልሳዊ መሐመድ እ.ኤ.አ. በ1595 ሥልጣን በያዘ ጊዜ 19 ወንድሞቹን አሳንቆ ገላገላቸው። ችኩል! እኛ ዘንድ ወንድም አይታነቅም። አምባ ላይ ይቀመጥና የቀረው ለፈጣሪ ይተዋል።

አምባ ግሸን ይህን አገልግሎት ለብዙ ዘመን ሰጥቷል። ዛሬ መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ ምዕመናን እያለከለኩ የሚያያዙት አቀበት፣ ያኔ ለነገሥታቱ ልጆች መውጫ እንጂ መውረጃ አልነበረውም። የሚወርደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከታች ያለው ንጉሥ ሞቶ ተራው የደረሰው። ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1434 የነገሠው እንዲህ ወርዶ ነው። እና እያንዳንዱ መስፍን በጠዋት ተነስቶ የወንድሙን ጤና ከልቡ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ አሳቢ ቤተሰብ አሳዩኝ።

ሥርዓቱ ለልጆቹ ያወረሰው ትልቁ ሙያ ግን መልክ መቀየር ነው። በተረት የንጉሥ ልጅ ንስር ይሆናል፣ ጅብ ይሆናል። የኛዎቹ ያለ አስማትም ተሳክቶላቸዋል። በልብነ ድንግል ዘመን አገራችን ውስጥ ስድስት ዓመት የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ አንዱ መስፍን ከእግር እስከ ራሱ በቅርንጫፍና በቅጠል ተሸፍኖ፣ ቁጥቋጦ ሆኖ ከአምባው ወረደ። በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ቁጥቋጦው ሲንቀሳቀስ አዩ። ገበሬ ደግሞ በአገሩ የትኛው ቁጥቋጦ የት እንደበቀለ ያውቃል፤ እግር ያወጣ ግን አይቶ አያውቅም። ጠጋ ብለው ቅጠሉን ገለጥ ቢያደርጉት ሰው ነው። ያዙት። ጠባቂዎቹም ሁለት ዓይኑን አጠፉት። ለሱም ለበጎ ነው፤ ዕውር አይነግሥምና ከእንግዲህ በዙፋን የሚያማው የለም።

አምባው እ.ኤ.አ. በ1540 በግራኝ አህመድ ጦር እጅ ወደቀ፤ እላዩ የነበሩት መሳፍንትም ተፈጁ። የአልቫሬዝ መጽሐፍ ሊዝበን ላይ የታተመው በዚያው ዓመት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ሊቀር ይችል ነበር። ጎንደሮች ግን የአባት ወግ ሲጠፋ ዝም ብለው አያዩም፤ ወህኒ አምባን አበጁ።

ከወህኒ ተመራቂዎች ሁሉ እኔ የማደንቀው ዐፄ በካፋን ነው። በልጅነቱ ከአምባው አምልጦ እንደተያዘ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1721 ነገሠና መልክ የመቀየር ልማዱን ይዞት ዙፋን ላይ ወጣ። ተራ ሰው መስሎ አገር ለአገር ይዞራል፤ በኋላ ሚስቱ የሆነችውን ምንትዋብንም ቋራ ላይ ያገኛት እንዲህ ሲዞር ታሞ ተኝቶ ነው ይባላል። አንድ ጊዜማ ሞቷል አስብሎ ማን እንደሚያለቅስ፣ ማን እንደሚንጎራደድ ተደብቆ ተመልክቷል አሉ። ሁሉንም መሰለ፦ መንገደኛ፣ በሽተኛ፣ ሬሳ። ወንድም መምሰል ብቻ ሳያምረው ቀረ። ያንን አምባ የቀመሰው ሰው፣ ወንድሙን ዮሐንስን እዚያው ትቶት ሞተ።

ዮሐንስም አረጀ። ሊያመልጥ ሞክሮ አንድ እጁን ተቆርጧል፤ አካሉ የጎደለ አይነግሥም የሚል ሕግ አለና ጉዳዩ ያለቀለት መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን አስገድሎ ንጉሥ ቸገረው። ሰባ ዓመት ያለፈውን ባለ አንድ እጅ ሽማግሌ ከወህኒ አስወርዶ አነገሠው። ሕጉስ? ሕግም በራስ ሚካኤል ፊት መልኩን ይቀይራል። ሽማግሌው ዝመት ሲሉት አልዘምትም አለ፤ ዓመት እንኳ ሳይደፍን ሞተ። መርዝ ነው ይላሉ። ዕድሜ ልኩን ገደል እየተመለከተ ንግሥና ያጠና ሰው ጦር መምራት ቢሰንፍ የማን ጥፋት ነው? የራሱ ነዋ!

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ ከዚህ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1759፣ ራሴላስ የተባለውን ልቦለድ አሳትሟል። በዚያ መጽሐፍ የሐበሻ መሳፍንት የሚዘጋባቸው በዘፈንና በድግስ የተሞላ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ልዑሉ የሚያማርረውም ደስታው ሰልችቶት ነው። ተራራው ራሱ ሸለቆ ሆነ እንግዲህ፤ ከዚህ በላይ መልክ መቀየር አለ? ጆንሰን ያን ሲጽፍ ዮሐንስ ወህኒ ላይ ነበር። ምን እንደሰለቸው የጠየቀው የለም።

ዛሬም ጠጅ ቤትም ሆነ ፌስቡክ ላይ ይህን ዘዴ በኩራት የሚያወሱ አሉ። ደም ሳይፈስ፣ አገር ሳይታመስ ሥልጣን የሚተላለፍበት ጥበብ ነበር ይላሉ፤ በዘመነ መሳፍንት ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ መንገሡንም እንደ ትጋት ሳይቆጥሩት አይቀሩም። እኔም አንገቴን እየነቀነቅሁ እሰማቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አስተውያለሁ፦ ሲያወሩ ሁሌም የተቀመጡት ታች፣ ዙፋኑ ላይ ነው፤ ራሱን አምባው ላይ አድርጎ የሚያወራ እስካሁን አልገጠመኝም።