የቦቄ ጉዳይ

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፤ ላንጋኖ ዳር፣ በአርሲ ነገሌ በኩል።

እኛ ከናፍቆታችሁና ከሚኒሶታ በረዶ በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው ክረምት «እናንተ አገርም ሐይቅ አለ ወይ?» ብለው ልጆቼን ጠይቀዋቸው ነበር። እዚህ የመኪናው ታርጋ ሁሉ «10,000 ሐይቆች» ይላል። ሲቆጠሩ 11,842 ሆነው ተገኝተዋል፤ ሀብቱን አሳንሶ የሚናገር አሜሪካዊ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው። አሁን ጥር ስለሆነ ሁሉም ጠጥረዋል። ሰዉ መኪናውን ሐይቁ መሀል ያቆምና በረዶውን በመሰርሰሪያ በስቶ፣ ወንበር ዘርግቶ ዓሣ ይጠብቃል። እትዬ «ልጅቷ መጠጥ ጀመረች» እንዳይሉ መጀመሪያ ፎቶውን ያሳዩልኝ፣ ደብዳቤውን ከዚያ ያንብቡላቸው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉ ይሆናል። ስልኩ የኔ አይደለማ! እሁድ እሁድ እርስዎ ጊደሯን ቦቄን እየጎተቱ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ሲወጡ፣ መስመሩን የምትይዘው ትልቋ ልጄ ናት። እኔ «ጋሼ፣ እንደምን...» ብዬ ሳልጨርስ «ሳር በላች? ውኃ ጠጣች? ዛሬ ለምን አኮረፈች?» ይመጣል። ስለዚህ የትልልቅ ሰው ጉዳይ በወረቀት ይሁን ብዬ፣ ወደ አዲስ አበባ የምትበር ወዳጄ ሻንጣ ውስጥ ሸጎጥኩት። አንድ ሻንጣ ከ23 ኪሎ ማለፍ ስለማይችል ደብዳቤውን እንኳን በእጇ መዘን መዘን አድርጋ ነው የተቀበለችኝ።

መቼም የአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋው የኛ ሰማይ በሚከፈትበት ሰሞን ነው። ልጆቹ የዋና ልብስና የፀሐይ መነጽር ይዘው ቦሌ ሲወርዱ ያለፈው ሐምሌ በዶፍ ተቀበላቸው። መነጽሩን ያደረጉት በመጨረሻ እትዬ ናቸው፤ ሽንኩርት ሲከትፉ። እኔንም ቤቱ ውስጥ ስንት ዓመት ስንላቀስ ኖረን ይህን ዘዴ ያላሰብን ሰዎች መሆናችን ገረመኝ።

እማዬን ከአዳማ ይዘን፣ በሞጆ በኩል ታጥፈን ወደ እናንተ ስንወርድ መንገዱ በሙሉ ትምህርት ቤት ነበር፤ አስተማሪዋም እሷ። ቆቃ ስንደርስ ግድቡ በ1952 ዓ.ም. በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ ተሠርቶ እንደተመረቀ፣ 43 ሜጋ ዋት እንደሚያመነጭም አስረዳች። ትንሹ «ይቅርታ ጠየቁ ማለት ነው?» አላት። «ብሩን ሰጡ» አለችው። መቂ ላይ ለአንድ ሠርግ የሚበቃ ቲማቲምና ሽንኩርት ተጫነ። ዝዋይ ላይ ደግሞ የተጠበሰ ቆሮሶ ከነጭንቅላቱ ቀረበና፣ ዓሣ ማለት አራት ማዕዘን ያለው ነገር የሚመስለው ልጄ ዓይን ለዓይን ተፋጠጠው። በመጨረሻ ያሸነፈው ረኀብ ነው።

ላንጋኖን ሲያዩማ! ባለ 11,842 ሐይቆቹ ልጆች ዳር ቆመው «ማነው ሻይ ያፈሰሰበት?» አሉ። እርስዎ ቆሻሻ ሳይሆን ደለል መሆኑን፣ ይልቅስ ቢልሃርዝያ የሌለበት ስለሆነ አዲስ አበቤው ሁሉ ሊዋኝ የሚመጣው እዚህ መሆኑን ሲያስረዷቸው ትዝ ይለኛል። ሪዞርቱ ባለበት በኩል ለመግባት ይከፈላል፤ እኛ ከብቱ በሚጠጣበት በኩል በነፃ ዋኘን። ውኃው ያው አንድ ውኃ ነው። ልዩነቱ በኛ በኩል አህያ ፎጣችንን መብላቷ ብቻ ነው።

ከሐይቁ ማዶ አሉቶን ሲያሳዩአቸው ያሉትን ደግሞ ትልቋ ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች። ከዚያ ተራራ ሥር በሚወጣ እንፋሎት 7.3 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው የሆነ ጣቢያ መሠራቱን ነገሯቸው። ሲሠራ ሲቆም መኖሩንም አልደበቁም። ከዚያ ስልክዎን አውጥተው ጣሪያው ላይ ካለችው የሶላር ሰሌዳ ሰኩ። ልጄ ተራራውን አየች፣ ስልኩን አየች፣ እኔን አየች። ምን ልበላት?

ሻላም ወርደናል። ከዳሩ በሚፈልቀው ፍልውኃ በቆሎ ሲቀቀል አይቶ፣ ትንሹ እስካሁን ምድጃችንን ይንቃል። የሐይቁ ጥልቀት 266 ሜትር ነው ስንለው ሦስት እርምጃ ወደኋላ ተመለሰ። አብጃታ ዳር ግን ማንም አልቀለደም። እርስዎ በልጅነትዎ ውኃው ይደርስበት የነበረውን ቦታ በዱላዎ አሳዩን፤ ከዚያ እስከ ውኃው ድረስ መኪና የሚነዳበት ነጭ ሜዳ ነው። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣለት ውኃ በመንገድ ለመስኖ ይጠለፋል፣ ከራሱ ደግሞ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ ኖሯል። ትልቋ «ማነው የሚቆጣጠረው?» አለች። ዱላዎን ይዘው ወደ መኪናው ተመለሱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

ሁሉም ነገር የመጣው በበጉ ነው። ልጆቹ ጠዋት ስም አወጡለት፣ ቀትር ላይ አብረውት ፎቶ ተነሡ፣ ማታ በክብራችን ታረደ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲመርቅ ትልቋ ከበረቱ ኋላ ሆና ዋይታዋን አቀለጠችው። ያን ጊዜ እርስዎ እጇን ይዘው በረት አስገቧት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባትን ቀይ ጊደር አሳይተው «ይቺ ቦቄ ሃንዱራሽ ናት፤ ማንም አይነካብሽም» አሏት። ልጅቷ ወዲያው ዝም አለች። ዝም ያልነው ግን ሁላችንም ነበርን፤ ሃንዱራ ልጅ ሲወለድ የሚሰጥ፣ ከነመጪ ጥጆቹ የልጁ ሀብት የሚሆን ነገር ነውና። እማዬ ቀስ ብላ «ዘጠኝ ዓመት እኮ ሆናት» ብትልዎ «መንገዱ ሩቅ ነበር» አሉ። ጋሼ፣ ያን ማታ በጣም ነው የወደድኩዎ።

ጣጣው የጀመረው ስንመለስ ነው። እዚህ አየር ማረፊያ ላይ አንድ ፈታሽ «እርሻ ቦታ ነበራችሁ? ከብት ነክታችኋል?» ብሎ ጠየቀ። እኔ መልሱን በልኩ ሳዘጋጅ ባለሀብቷ ቀደመችኝ፤ «መንካት ምን አላት? የኔ ናት!» ብላ የቦቄን ፎቶ ፊቱ ላይ ዘረጋች። አሜሪካ ከ1929 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአፍተ ግር በሽታ ገብቶባት ስለማያውቅ ሰዎቹ በዚህ አይቀልዱም። ጫማችን ሁሉ ተሰብስቦ፣ የላንጋኖ ጭቃ በብሩሽ ከየስንጥቁ ተፈልቅቆ፣ በመድኃኒት ታጥቦ ተመለሰልን። የእትዬ ጩኮ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ለእሳቸው ጣቴን እየላስኩ በላሁት ብያለሁና ይህን አንቀጽ ይዝለሉላቸው።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጄ ስለ ቦቄ ለክፍሉ ተናገረች። ጎረቤታችን ዊስኮንሲን የወተት አገር ነው፤ የዚህ አገር ላም በቀን በአማካይ ወደ 30 ሊትር ትታለባለች። ልጄም ሂሳቧን ሠርታ፣ ቦቄ ስትወልድ በቀን 30 ሊትር ሸጣ ኮሌጅ ልትገባ ወሰነች። የኛ አገር ላም አንድና ሁለት ሊትር ከሰጠች ተመስገን እንደሚባል ብነግራት «ስላልተመገበች ነው» አለች። ይኸውና የጎረቤት ደጅ በረዶ በአካፋ እየጠረገች ያጠራቀመችውን ለቦቄ መላክ ጀመረች።

የወጪው ዝርዝርዎ እጄ ላይ አለ። መጀመሪያ ፍሩሽካና ፋጉሎ ነበር፤ እሺ። ቀጥሎ ክትባት፤ እሱም እሺ። ከዚያ የእረኛ ቀለብ መጣ፣ ከዚያ የእረኛው ጫማ። በታኅሣሥ ግን 40 ቆርቆሮ ተጻፈ። ብርድ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ፤ ብርድ እዚህ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ለከብት አዝናለሁ። ኋላ ፎቶው ሲመጣ አየሁት። የቦቄ በረት መስኮት አለው፤ መስኮቱ መጋረጃ አለው፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ ዲሽ ተተክሏል። ጋሼ፣ ቦቄ የትኛውን ጣቢያ ነው የምትከታተለው?

ልጅዎ ለፋሲካ ማግስት ሊዳር መሆኑን ከእማዬ ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ ያለዎ። «ለልጄ ጎጆ ቆርቆሮ አነሰኝ» ቢሉኝ ምን ነበር? የአክስቱ ልጅ አይደለሁም እንዴ? አርባውንም እኔ በራሴ ስም ልኬያለሁ፤ የሚስማሩንም ጨምሬበታለሁ። ልጅቷ በረዶ ጠርጋ የምታመጣው ግን ፍሩሽካ ብቻ ይሁንበት፤ እሷ ደረሰኝ ትሰበስባለች፣ በዚህ በኩል ፍጹም አሜሪካዊት ናት።

ትንሹ ደግሞ «የኔስ ሃንዱራ?» እያለ ነው። እባክዎ ዶሮ እንኳን ቢሆን እንዳይሰጡት። እትዬን፣ ሙሽራውን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ይሳሙልኝ። ለእትዬ ሁለት መነጽር ልኬያለሁ፤ አንዱ ለቃሪያ ነው።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሁድ በላኩልን ፎቶ ላይ ያለችው ጊደር እርግጥ ቀይ ናት፤ ግንባሯ ላይ ግን ነጩ የለም። እኔ አላስተዋልኩም ነበር፤ ልጅቷ ናት ስልኩን እያጎላች ያሳየችኝ። «በበጋ ይጠፋል፣ በክረምት ይመለሳል» ብያታለሁ። የሐምሌ ትኬት ስለቆረጥን ምን እንደሚያደርጉ እርስዎ ያውቃሉ።